በ5 ሚሊ አክሪሊክ ላይ የተቀረጸ የሚበራ ታፔላ፦ ጠርዙ ይቀልጣል፣ ላይኛው መስመር ይደበዝዛል

የደብሩ_ታፔላ (ደብረ ብርሃን) · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ለምግብ ቤት መግቢያ የሚሆን፣ ከጠርዙ በኤልኢዲ የሚበራ ታፔላ በሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫና መቅረጫ ማሽን) እየሠራሁ ነው። ዝርዝሩ ይኸው።

አክሪሊኩ ጥርት ያለ፣ 80 በ45 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ። ከላይ «ባህላዊ ምግብ ቤት» በ9 ሴንቲ ቁመት፣ ከታች «እንኳን ደህና መጡ» በ3 ሴንቲ። ፎንቱ ወፍራም ነው፤ የትልቁ ፊደል እግር 12 ሚሊ ይሰፋል። ለመቁረጥ ለእንጨት የተሠራ ባለ ሁለት ጥርስ ቢት (የሚዞረው ስለት) 3 ሚሊ፣ በደቂቃ 24,000 ዙር፣ ጉዞው በደቂቃ 600 ሚሊ። ለቀረጻ 60 ዲግሪ ቪ ቢት (ጫፉ እንደ V የሾለ)። የኤልኢዲ ስትሪፑ 5050 የሚባለው፣ ከታችኛው ጠርዝ ብቻ። ከጀርባው ጥቁር የተቀባ ኤምዲኤፍ (የታመቀ የእንጨት ሰሌዳ) በባለ ሁለት ፊት ቴፕ ተለጥፏል።

ችግሮቹ፦ የተቆረጠው ጠርዝ ቀልጦ መልሶ ይጣበቃል፤ ቪ ቢቱ ትልልቆቹን ፊደሎች በስቶ ወጣ፤ የ«ቤ» ቀለበት ጠፋ፤ ሲበራ ደግሞ ታችኛው ጽሑፍ ደህና ነው፣ ላይኛው ግን ያለ አይመስልም። የቱን ልንካ?

---

ነጠላጥርስ · ሰኞ፣ 4፡05

መቅለጡን እኔ ልውሰደው። ሒሳቡን ሥራው፦ 600 ለ24,000 ሲካፈል፣ ለ2 ጥርስ ሲካፈል 0.0125 ሚሊ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥርስ የሚያነሳው ያችን ታህል ነው ማለት ነው። ያ መቁረጥ ሳይሆን ማሸት ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ ሲታሽ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ፍቅፋቂው ቢቱ ላይ ይጠመጠማል።

የእንጨቱን ቢት አስቀምጠውና ለፕላስቲክ የተሠራውን ባለ አንድ ጥርስ፣ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ያዝ። 3 ሚሊ ከሆነ 18,000 ዙር፣ ጉዞው 1,800 ሚሊ በደቂቃ። ለአንድ ጥርስ 0.1 ሚሊ ይደርሰዋል። ጥልቀት በአንድ ምልልስ 1.5 ሚሊ፤ 5 ሚሊውን በአራት ምልልስ ጨርሰው። በዙሪያው 0.2 ሚሊ አስተርፍና በመጨረሻ በአንድ ጉዞ በሙሉ ጥልቀት አጽዳው። ጠርዙ መላጨት የሚፈልገው ያኔ ያንሳል።

ሰው ሁሉ ሲቀልጥበት ጉዞውን ይቀንሳል። ግልባጩ ነው የሚሠራው፦ ዙሩን ቀንስ፣ ጉዞውን ጨምር። ከኮምፕሬሰር ቀጭን የአየር ቱቦ ቢቱ ሥር አስረህ ፍቅፋቂውን አስነፋ። ዘይት አትንካ።

አክሪሊኩስ የትኛው ነው? በሻጋታ የፈሰሰው ነው ወይስ በማሽን ተገፍቶ የወጣው? የፈሰሰው ደረቅ ነጭ ፍርፋሪ ይሰጣል። የተገፋው ረጅም የሚያጣብቅ ክር ይሰጣል፣ ቶሎም ይለሰልሳል። መርካቶ ላይ ዋጋቸው ስለሚለያይ ሻጩ ሁሌም «ያው ነው» ይልሃል። በካሊፐር አራቱንም ጥግ ለካ፤ የተገፋው ከጥግ ጥግ እኩል ነው፣ የፈሰሰው ግን ትንሽ ይለዋወጣል።

---

ሆሄያት · ሰኞ፣ 4፡50

ፊደሉን ለኔ ተዉልኝ።

ለምን በሳው? ቪ ቢት የፊደሉን ስፋት የሚሞላው ወደ ታች በመውረድ ነው። እግሩ 12 ሚሊ ከሆነ ግማሹ 6 ነው፤ ለ60 ዲግሪ ቢት 6ን ለ0.577 ስታካፍለው 10.4 ሚሊ ጥልቀት ይመጣል። አክሪሊክህ 5 ነው። 90 ዲግሪ ብታደርገውም 6 ሚሊ ስለሚሆን ይበሳል። ስለዚህ በአስፓየር ይሁን በአርትካም (የቀረጻ ሶፍትዌሮቹ) የጥልቀቱን ጣሪያ 1 ሚሊ ላይ ግታው።

እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ጥልቀቱን ስትገታ መሐሉ ለጥ ያለ ወለል ይሆናል፣ ለጥ ያለ ወለል ደግሞ ብርሃን አይበትንም። ዙሪያው ይበራል፣ ሆዱ ጨለማ ይሆናል። ለሰፊ ፊደል የሚሻለው ሆዱን በ45 ዲግሪ በተደረደሩ መስመሮች መሙላት ነው፤ በመስመሮቹ መሐል 0.8 እስከ 1 ሚሊ፣ ጥልቀት 0.5፣ ከዚያ ዙሪያውን አንድ ጊዜ በቪ ቢቱ መዞር። ጥለት የተጠለፈ ይመስላል፣ እኩልም ይበራል።

የ«ቤ» ቀለበት፦ የኃምስ ቀለበት የፊደሉ ትንሿ ቦታ ናት። በ9 ሴንቲው የጠፋብህ ግን በማነሷ ብቻ አይመስለኝም፤ ፎንቱ ውስጥ ቀለበቱና እግሩ ተደራርበው የተሳሉ ሁለት ቅርጾች ናቸው፣ ሶፍትዌሩም ዓይኑን ይዘጋዋል። በኮረል ድሮው መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ከርቭ ቀይር፣ ከዚያ ተደራራቢዎቹን በዌልድ አንድ አድርጋቸው፣ ቀለበቱን አጉልተህ ዓይኑ ክፍት መሆኑን እይ። የ«መ»ን ዓይኖችም እንዲሁ። ካነሰ ቀለበቱን ብቻ በእጅ ለጠጥ አድርገው፤ ማንም አይከስህም።

ለ3 ሴንቲው መስመር ወፍራም ፎንት አትጠቀም። ሶፍትዌሮቹ ይዘዋቸው የሚመጡት ባለ አንድ መስመር የቀረጻ ፎንቶች ግዕዝ የላቸውም፤ ስለዚህ የፊደሉን መሐል መስመር ራስህ ሳልና ቪ ቢቱን በእሱ ላይ አስኪደው። ሦስት ቃል ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የምትቀርጸው ከጀርባ ነው አይደል? ፋይሉ መገልበጥ አለበት። መገልበጡን በ«ጠ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ወ» አታረጋግጥ፤ እነሱ ከየትኛውም ወገን ቢታዩ ያው ናቸው። «ቤ»ን እና «ጡ»ን ተመልከት፦ በማሽኑ ስክሪን ላይ የ«ቤ» ቀለበት በግራ ከታየህ ልክ ነህ።

እና «ደኅና» በብዙኃኑ «ኅ» ነው። ባለቤቱ «ህ» ነው የምፈልገው ካለ መብቱ ነው፣ ግን ወረቀት ላይ አትመህ አስፈርመው። በስቲከር የተሳሳተ ፊደል ይነሳል፤ የተቀረጸ አይነሳም።

---

የደብሩ_ታፔላ · ሰኞ፣ 5፡30

ሆሄያት፣ እግዜር ይስጥሽ። የ10.4 ሚሊዋ ነገር ገብታኛለች። አክሪሊኩ ክር ነው የሚሰጠው፣ እንግዲህ የተገፋው ነው። ብርሃኑስ?

---

ይፋት_ብርሃን (ሸዋ ሮቢት) · ሰኞ፣ 6፡15

ብርሃኑን በውኃ ቦይ መስለው። ከጠርዝ የገባው ብርሃን በሁለቱ ፊቶች መሐል እየነጠረ ይሄዳል፤ ከአክሪሊኩ ውጭ አየር እስካለ ድረስ መውጫ የለውም። ቀረጻህ ቦዩን የምትቀድበት ነው። ሳታስበው የቀደድክበትም ቦታ ሁሉ ያፈሳል።

ትልቁ ቀዳዳህ የለጠፍከው ጀርባ ነው። ባለ ሁለት ፊት ቴፑ በነካበት ሁሉ አየሩ ስለጠፋ ብርሃኑ ወደ ሙጫው ገብቶ በጥቁሩ ኤምዲኤፍ ይዋጣል። ንቀለው። ጥቁሩን ወደኋላ ቢያንስ 3 ሚሊ አርቀህ በአራቱ ጥግ በፕላስቲክ ቀለበትና በብሎን ያዘው።

ሁለተኛ፣ አደራደርህ ተገላቢጦሽ ነው። ብርሃኑ ከታች ይነሳል፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ትንሹን መስመር ነው፤ እሱ የድርሻውን ወስዶ ከኋላው ጥላ ይተዋል፣ ለትልቁ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ከ30 ሴንቲ በላይ ቁመት ላለው ነገር እኔ ከአንድ ጠርዝ ብቻ አላበራም። ከታችም ከላይም አድርግ። ጥልቀቱንም ከርቀቱ ጋር አስማማ፦ ለስትሪፑ የቀረበው ጽሑፍ 0.4፣ መሐል ሜዳ ያለው 0.8። ሁሉንም እኩል መቅረጽ እኩል ማብራት አይደለም።

ሦስተኛ፣ 5050 ለ5 ሚሊ አይሆንም። ቁጥሩ ስፋቱ ነው፦ 5.0 በ5.0 ሚሊ። በግማሽ ሚሊ ከሸሸ ብርሃኑ ከአክሪሊኩ ውጭ ይፈሳል፣ ዓይንንም ይወጋል። 2835 ያዝ፤ 2.8 በ3.5 ስለሆነ ከ5 ሚሊ ጠርዝ ውስጥ ይውላል። በሜትር 120 አምፖል ያለውን ምረጥ፤ 60ው ጠርዙ አጠገብ የነጠብጣብ ጅራፍ ያሳያል። ባለ 12 ቮልቱን የምትቆርጠው በየሦስት አምፖሉ፣ ማለትም በየ25 ሚሊው፣ በተሰመረበት ብቻ ነው።

ብርሃን የማይገባባቸውን ሁለቱን የጎን ጠርዞች ካለሰለስክ በኋላ በአሉሚኒየም ቴፕ ሸፍናቸው፤ ሊወጣ ያለው ይመለሳል። ፊት ለፊቱን ደግሞ ተጠንቀቅ፦ የጥፍር ጭረት እንኳ ስትበራ እንደ ፊደል ትነበባለች። የፊቱን መከላከያ ላስቲክ ታፔላው ተሰቅሎ እስኪያልቅ አትላጥ። የምትቀርጽበትን ፊት ብቻ ላጥ፤ የላስቲኩ ማጣበቂያ ቪ ቢቱን ያቆሽሸዋል።

---

ጣርማበር12 · ሰኞ፣ 8፡40

ጠርዙን ለማለስለስ ያን ሁሉ አታድክሙት። በጋዝ ነበልባል አንዴ ሄድ ብሎበት ያልፋል፣ እንደ መስታወት ነው የሚሆነው።

---

ነጠላጥርስ · ሰኞ፣ 9፡00

ይሆናል፣ ያበራልም። ግን ነበልባል ላዩን ብቻ አሙቆ በውስጡ ውጥረት ይተዋል። ያ ጠርዝ በኋላ ክሎሮፎርም (አክሪሊክ የሚጣበቅበት)፣ አልኮል ወይም ቲነር ሲነካው እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ አንዳንዴ እዚያው፣ አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ። የተገፋው አክሪሊክ ላይ ይብሳል። ምንም የማይጣበቅበትና በሳሙና ውኃ ብቻ የሚጸዳ ጠርዝ ከሆነ ጣርማበር እንዳለው ይሁን። ስትሪፕ በሙጫ የሚያዝበት ከሆነ አይሆንም።

በእጅ እንዲህ ነው፦ የቢቱን ዱካ በስለታም ብረት ጀርባ ፋቅ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት 400፣ 800፣ 1,200፣ ሁለቱን የመጨረሻዎቹን በውኃ። ወረቀቱን ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልል፣ አለዚያ ጠርዙ ይከብና ብርሃኑ ይጣመማል። በመጨረሻ የመኪና ፖሊሽ በጥጥ ጨርቅ። ለ80 ሴንቲ ጠርዝ ሃያ ደቂቃ።

ነበልባል ነክቶት ከዚያ ሙጫ ማድረግ ግድ ከሆነ፣ በ80 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ ምድጃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ማብረድ ነው ውጥረቱን የሚያወጣው። 80 ሴንቲ የሚያስገባ ምድጃ ያለው ካለ ይጻፍልን።

---

የደብሩ_ታፔላ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

በትርፍ ቁራጭ ላይ 18,000 እና 1,800 ሞከርኩት፤ ጠርዙ ነጭ ደረቅ ነው፣ አልቀለጠም። የተደረደሩት መስመሮች ግን በአንዱ በኩል ወፍራም በሌላው ቀጭን ሆኑ። ቢቱ ጠፍቶ ነው?

---

ነጠላጥርስ · ማክሰኞ፣ 2፡45

ጠረጴዛህ ነው። ቪ ቢት ትንሿን የከፍታ ልዩነት ወደ ስፋት ይቀይራታል፦ በ60 ዲግሪ ስፋቱ የጥልቀቱ 1.15 እጥፍ፣ በ90 ዲግሪ ሁለት እጥፍ ነው። ጥልቀቱ በ0.3 ሚሊ ቢዛነፍ መስመሩ 0.35 ሚሊ ይሰፋል። ባሰብከው 0.5 ጥልቀት ላይ መስመሩ 0.58 ብቻ ስለሆነ፣ ከግማሽ በላይ ተቀየረ ማለት ነው።

የጠረጴዛውን ኤምዲኤፍ በ22 ወይም 25 ሚሊ ማስተካከያ ቢት በ0.5 ሚሊ ጥልቀት ሙሉውን ላጨው። ኤምዲኤፍ እርጥበት ስለሚጠጣ ክረምት ሲወጣ እንደገና። ዜሮህን (የጥልቀቱን መነሻ) ከጠረጴዛው ሳይሆን ከአክሪሊኩ ፊት አንሳ፣ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በአራቱ ጥግና በመሐል። ልዩነቱ ከ0.1 በላይ ከሆነ ዝቅ ባለው ጥግ ሥር ወረቀት ሸጉጥ። አክሪሊኩን ጥጉ ላይ ብቻ በማሠሪያ ከያዝከው መሐሉ ያብጣል፤ ከሥሩ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ በመስመር አድርግ። (እዚህ ይፈቀዳል፣ ይፋት አትቆጣ። ላስቲኩ ሳይላጥ ነው።)

---

ይፋት_ብርሃን · ማክሰኞ፣ 3፡00

አልተቆጣሁም።

---

ጋሼ_ፊውዝ · ማክሰኞ፣ 3፡40

ልጆች፣ ስለ ኤሌክትሪኩ ማንም አላነሳም። 2835፣ 120 አምፖል፣ በሜትር 9.6 ዋት የሚበላውን ከያዛችሁ፣ ሁለት ጠርዝ 1.6 ሜትር ነው፤ 15.4 ዋት፣ በ12 ቮልት 1.28 አምፔር። ፓወር ሰፕላዩ 2 አምፔር ይሁን። ልኩን 1.5 የሚገዛ ሰው በዓመቱ ሁለተኛ ይገዛል።

ሽቦ። ፓወር ሰፕላዩ ከታፔላው 10 ሜትር ቢርቅ፣ ሄዶ መመለሱ 20 ሜትር ነው። በ0.75 ካሬ ሚሊ መዳብ 0.6 ቮልት ይወድቃል፣ ምንም አይልም። በዚያ ቀይና ጥቁር የድምፅ ማጉያ ሽቦ፣ በ0.2 ካሬ፣ 2.2 ቮልት ይወድቃል፤ ከዚያ «ስትሪፑ ጥራት የለውም» ተብሎ ይወቀሳል።

ከፍታ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ሙቀት አይወስድም። የፓወር ሰፕላይ አምራቹ ሚን ዌል በብዙ ሞዴሎቹ ዝርዝር ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 1,000 ሜትር የሚፈቀደውን የአካባቢ ሙቀት ማራገቢያ ለሌለው 3.5፣ ላለው 5 ዲግሪ ይቀንሳል። በእናንተ ብርድ ይሄ አያሳስብም ትሉኝ ይሆናል። ብርዱ ውጭ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው የተዘጋ የላሜራ ሳጥን ውስጥ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩን ጣሪያ ሥር አስቀምጡት። በአየር የሚበርድ ስፒንድልም (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ከ8,000 ዙር በታች ለረጅም ጊዜ አይሠራ፣ ማራገቢያው ከራሱ ዘንግ ጋር ስለሚዞር።

መብራት መጥፋት። ኮምፒውተሩንና የሞተሮቹን ድራይቨር ዩፒኤስ ላይ፣ ስፒንድሉን ግን ቀጥታ መስመር ላይ ያደረገ ሰው አደጋ ውስጥ ነው፦ መብራት ሲሄድ ስፒንድሉ ይቆማል፣ ማሽኑ መጓዙን ይቀጥላል፣ ቢቱ አክሪሊኩ ውስጥ ይሰበራል። ወይ ሁሉም ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ ወይ ኢንቨርተሩ (የስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ሲጠፋ ማሽኑን የሚያስቆም ሪሌይ ይገባ። ሪሌይ ርካሽ ነው።

---

የደብሩ_ታፔላ · ማክሰኞ፣ 4፡15

ጋሼ፣ ስፒንድሉ ቀጥታ መስመር ላይ ነው ያለው። ዛሬ ይስተካከላል። ከመሐል ሲቋረጥስ ቦታውን መልሶ ለማግኘት ምን ይሻላል?

---

ነጠላጥርስ · ማክሰኞ፣ 4፡30

ሥራው ሳይጀመር ከአክሪሊኩ ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ በቪ ቢቱ 1 ሚሊ ነጥብ ብሳና የነጥቡን ኤክስና ዋይ ከታፔላው ዜሮ አንጻር ወረቀት ላይ ጻፍ። መብራት ሲመለስ ማሽኑን ወደ መነሻ ስዊቹ መልስ፣ ቢቱን ነጥቡ ላይ አምጥተህ ቁጥሩን አነጻጽር። ዲኤስፒ የሚባለው የእጅ መቆጣጠሪያ የተቋረጠበትን መስመር ያስታውሳል፤ ማክ3 (ማሽኑን ከኮምፒውተር የሚነዳው ሶፍትዌር) ላይ ከሆንክ ከተቋረጠው ሃያ ሠላሳ መስመር ወደኋላ ተመልሰህ ጀምር፣ ስፒንድሉ መዞሩን በዓይንህ አይተህ።

---

ይፋት_ብርሃን · ማክሰኞ፣ 5፡20

ስለ መስቀሉም ልጨምር። አክሪሊክ በሜትር በአንድ ዲግሪ 0.07 ሚሊ ይረዝማል። በኅዳርና በታኅሣሥ እናንተ ጋ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፤ የ25 ዲግሪ ልዩነት ለ80 ሴንቲ 1.4 ሚሊ ነው። ለ5 ሚሊ ብሎን 7 ሚሊ ቀዳዳ፣ ከሥሩ የላስቲክ ቀለበት፣ ብሎኑን በጣት ጠበቅ እስኪል ብቻ። ቀዳዳውን በትራፓኖ በብረት መብሻ አትብሳ፤ ሊወጣ ሲል ይነክስና ይሰነጥቃል። ማሽኑ በዚያው 3 ሚሊ ቢት እየዞረ ይክፈተው፣ ከጠርዝ ቢያንስ 15 ሚሊ ርቆ።

ስትሪፑን የምትይዝበት ሲሊኮን ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ መልሰው፤ አሲዱ የስትሪፑን መዳብ ይበላል። የማይሸተው ገለልተኛው ነው። ስትሪፑን የሚይዘው የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ታችኛው በኩል ላይ በየ20 ሴንቲው 5 ሚሊ ቀዳዳ ተው፤ የሌሊቱ ጤዛ የሚወጣበት ከሌለ የታችኛው ስትሪፕ ክረምቱን አይሻገርም።

---

ሆሄያት · ማክሰኞ፣ 6፡00

ክሎሮፎርም ያላችሁት ሰዎች፣ በመርፌ ስትሰጡት መስኮት ክፈቱ። ጠብታው ፊት ላይ ከወደቀ በጨርቅ አትጥረጉት፣ ይተን፤ የጠረጋችሁት ቦታ ሁሉ ሲበራ ይታያል።

---

የደብሩ_ታፔላ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ውጤቱ፦ 2835 ከላይና ከታች፣ ትልቁ ፊደል በ45 ዲግሪ መስመር 0.9 ሚሊ ክፍተት፣ ጥልቀት 0.6፤ ትንሹ መስመር በመሐል መስመር፣ 0.4። ጀርባው 4 ሚሊ ርቋል። «ቤ» ቀለበቷን አግኝታለች፣ «ኅ»ም ተፈርሞባታል። አንድ ነገር ብቻ፦ «ባህላዊ» ከ«ቤት» ትንሽ ይደምቃል።

---

ይፋት_ብርሃን · ረቡዕ፣ 3፡30

የላይኛው ስትሪፕ ሽቦ የገባው በ«ባህላዊ» በኩል ነው? ከሆነ በ«ቤት» ጫፍ ላይ በቴስተር ለካ። በ80 ሴንቲ ቮልቱ ያን ያህል መውደቅ የለበትም፤ 11.5 እና ከዚያ በታች ካሳየህ የሽቦው ብየዳ ደካማ ነው፣ መልሰህ በይድ። 12 ከሆነ ግን ስትሪፑን ተወው፣ በዚያ በኩል የአክሪሊኩን ውፍረት ለካ።

---

የደብሩ_ታፔላ · ረቡዕ፣ 4፡10

11.3። ብየዳው ነው።